አባ ሚዛን ወርቅ ሊያዩ ሲሄዱ

ሰፈሩ «አባ ሚዛን» ብሎ የሰየማቸው እንዲያው በከንቱ አይደለም። አርባ አምስት ዓመት ወርቅ ሲሠሩ ያልሆነውን «ሆነ» ብለው አያውቁም። ሚዛን እንኳ ዕቃ ካልጫኑበት ዝም ይላል፤ እሳቸው ግን ሳይጠየቁም ይመዝናሉ። አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት ጉትቻቸውን እያወዛወዙ «እስቲ እርስዎ ባለሙያው፣ እንዴት አዩት?» ቢሏቸው፣ ጎንበስ ብለው አገላብጠው አዩና «ናስ ነው፤ ግን ያምርብዎታል» አሉ። «ያምርብዎታል» የምትለዋን የሰማት ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በተጠሩበት ድግስ ላይ ሴቱ ሁሉ ጆሮውን በጸጉሩ ሸፍኖ ይገባል እየተባለ ይወራል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ ሲወቀሱ።

«ታዲያ አድሮ ይጥራ እንጂ አባባ! እርስዎ እኮ በሠርጉ ቀን ነው ያጠሩት» ትላቸዋለች ምራታቸው።

እኒህ ሰው ታዲያ በዕድሜያቸው አንዲት ውሸት አለቻቸው። የዋሹትም ይህችኑ ምራታቸውን ነው።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። ልጃቸው ገና የአውቶቡስ ረዳት ሳለ፣ ለሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ወደ ሱቃቸው መጣና ከመሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለቀለበት የሚሆን ወርቅ የለውም። ሱቁ ውስጥ ያለው ወርቅ ደግሞ የደንበኛ ነው፤ የሰው ነው። አባት የልጅ እንባ አይችሉምና ከናስ ቀለበት ሠሩ፣ ወርቅ ቀቡት፣ «ለጊዜው ነው» ተባባሉ። ጊዜውም እንደ ሰው ተመቻችቶ ተኛ። ኋላ ልጁ ሾፌር ሆነ፣ ኑሮም ቀና አለ፤ አባ ሚዛን ግን እውነተኛውን ሠርተው መለወጡ ቸገራቸው። በድብቅ ቢለውጡት ሁለተኛ ውሸት ነው፤ በግልጽ ቢለውጡት የመጀመሪያው ይወጣል። ስለዚህ በየዓመቱ «አምጪው እስቲ ላጥራልሽ» እያሉ ይወስዱና ቅቡ የሳሳበትን በአዲስ ቅብ ይሸፍኑታል።

ምራቲቱም ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ አማት እኮ ቀለበቴን በየዓመቱ በገዛ እጃቸው ያጠሩልኛል! የማን አማት እንዲህ ያደርጋል?» እያለች ታወራለች። ይህን በሰሙ ቁጥር አባ ሚዛንን የያዙት ሻይ ትን ይላቸዋል።

ወርቁ ወዳለበት አገር ለመሄድ ሰበብ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትክክለኛ ስሟን የሚጠራው አስተማሪዋ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡ «ጥያቄ» ነው የሚላት። አንድ ቅዳሜ ሱቅ ገብታ፣ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣

«አያቴ፣ ወርቅ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

«ከሣጥን።»

«ሣጥኑ ውስጥስ?»

«ከነጋዴ።»

«ነጋዴውስ ከየት አመጣው?»

አባ ሚዛን ወረንጧቸውን አስቀመጡ። አርባ አምስት ዓመት ያቀለጡትን ነገር አገሩን አያውቁትም። ምራታቸው እንኳ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ዱቄቷ የተፈጨበትን ወፍጮ ቤት ታውቀዋለች። ማታውኑ ለልጃቸው ነገሩት፤ እሱም የሦስት ቀን ዕረፍት ጠየቀ፣ ድንኳን ተዋሰ። በድሮ ዘመን ወርቅ ይቆፈርባቸው የነበሩ፣ ዛሬ ጎብኚ የሚመጣባቸው ኮረብቶች አሉ፤ ወንዙ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል ተባለ።

ሊነሱ ሲሉ ምራቲቱ ድስቱንና ዱቄቱን ጭና ጨረሰችና ጣቷን ቀሰረችባቸው።

«አባባ፣ ልለምንዎት። እዚያ ሰው ሁሉ ሊደሰት ነው የሚመጣው። ማንም ምንም ቢያሳይዎት ‹ወርቅ አይደለም› እንዳይሉብኝ።»

«ዋሽ ነው የምትዪኝ?»

«ዝም ይበሉ ነው የምልዎት! ዝም አይነቅዝም።»

ከተቀሰረችው ጣት አጠገብ ቀለበቷ ብልጭ አለች። መሪው ላይ የተቀመጠው ባሏ ደረቅ ሳል ሳለ። አባ ሚዛንም «እሺ፣ ዝም ነው» ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ። እኒህ ሁለት ወንዶች ያችን ቀለበት ይዘው ወደ ወርቅ አገር መሄዳቸው፣ የሰረቁትን በሬ ይዞ ወደ ባለቤቱ ደጅ እንደ መሄድ ሆኖባቸው ነበር።

ድንኳኑን መትከል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሾፌሩ ልጃቸው «ይህንን ከአውቶቡስ ጎማ መቀየር ጋር ሳስተያየው ቀልድ ነው» ብሎ ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ተጠቅልሎ «በሩ በየት በኩል ነው?» እያለ ይጮህ ነበር። ጥያቄ በሳቅ ሣሩ ላይ ተንከባለለች። አባ ሚዛን ደግሞ አንዱ እንጨት ከሌላው በሁለት ጣት ይበልጣል ብለው ተነሡ፤ አስለኩት፤ እውነትም በሁለት ጣት ይበልጥ ነበር። አጠገባቸው ድንኳን የተከለ አንድ ወፍራም ጸጉር አስተካካይ ነበረ፤ ሳቁን እንደ ያዘ መጥቶ አገዛቸው። አንገቱ ላይ የበሬ ገመድ የሚያህል ቢጫ ሰንሰለት አለ። አባ ሚዛን ሰንሰለቱን አዩ፣ ምራታቸውን አዩ፣ ከዚያ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ድሮ ወርቅ ይቆፈርበት ወደነበረው ዋሻ ገቡ። አስጎብኚዋ ረጅም ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከዋሻው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። ለሁሉም የብረት ቆብ አደለችና፣ ቆፋሪዎቹ በሆዳቸው እየተሳቡ ያለፉበትን ጠባብ መንገድ፣ ዝገት የበላውን ሐዲድ፣ ድንጋይ ይገፋበት የነበረውን ጋሪ አሳየቻቸው። ከዚያ መብራቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በነጩ ድንጋይ መሀል ከጸጉር ያልወፈረች ቢጫ መስመር ተጋድማለች።

አባ ሚዛን ተጠጉ። ጣታቸውን መስመሯ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ነበርሽ ለካ» አሉ በለሆሳስ።

አክብሮት የሚገባት መስሎ ተሰማቸውና ቆባቸውን አወለቁ። ወዲያው ቀና ሲሉ ጣሪያው ግንባራቸውን ጓ አደረገው።

«ጋሼ! ቆቡ!» አለች አስጎብኚዋ።

«ሰላም እያልኳት ነው» አሉ ግንባራቸውን እያሻሹ። «እሷም ሰላም አለችኝ።»

ዋሻው በሳቅ ተሞላ። ያን ቀን ምሽት ጉብታቸውን እየዳሰሱ ሾርባቸውን ሲጠጡ፣ ምራታቸው ለባሏ «አባባን እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም» አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ወርቅ ማጠብ ነው። ወንዙ ዳር ለእያንዳንዱ አንዳንድ ገበቴ ተሰጠ። አሸዋውን ከውሃ ጋር ታማስላለህ፣ ታዘነብላለህ፣ ቀላሉ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሾፌሩ ገና ሲያዘነብል ራሱ አዘንብሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ምራቲቱ «ከባዱ ይቀራል አሉ እንጂ ይወድቃል አላሉም!» ብላ ስትስቅ፣ ጥያቄ ድንገት ጮኸች።

«አገኘሁ! ወርቅ! አገኘሁ!»

የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር መዳፏ ላይ ታብረቀርቃለች። ሰዉ ሁሉ ገበቴውን ጥሎ ተሰበሰበ፤ ጸጉር አስተካካዩ አጨበጨበ። ልጅቷ ግን ሕዝቡን ሰንጥቃ ወደ አያቷ መጣች።

«አያቴ፣ ወርቅ ነው?»

ከልጅቷ ራስ በላይ የምራቲቱ ዓይን እንደ ችንካር ተተክሎባቸዋል። አባ ሚዛን ከንፈራቸውን ገጠሙ። ፊታቸው ቀላ፣ ጉንጫቸው ተነፋ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አይነቅዝም።»

«ነው ወይስ አይደለም?»

«እናትሽን ጠይቂ።»

«እማዬ እኮ ዳቦ ጋጋሪ ናት!»

አባ ሚዛን እንደ ተከፈተ ቧንቧ ተነፈሱ። «አይደለም፣ ልጄ። የብረት ድንጋይ ነው።»

ምራቲቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የልጅቷ ከንፈር አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

«እንዴት አወቅክ?» አለች።

እንዴት አወቅክ! አርባ አምስት ዓመት ሰው ሲያኮርፋቸው እንጂ ይህን ሲጠይቃቸው አልሰሙም። ዓይናቸው በራ። ድንጋዩን ከጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ አስቀምጠው በጠጠር መቱት፤ ዱቄት ሆነ። «አየሽ? ወርቅ ሲመቱት ይተኛል እንጂ አይሰበርም።» ቀጥለው ከደረት ኪሳቸው የመነጽር ቤት አወጡ። ከውስጡ ጥቁር መፈተኛ ድንጋይና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የአሲድ ጠርሙስ ወጡ።

«አመጡት! አመጡት እኮ!» አለች ምራቲቱ።

«ለልጅ ትምህርት ነው» አሉ። በአንገታቸው ያንጠለጠሏትን የሟች ሚስታቸውን ቀለበት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሹ፤ ቢጫ ጭረት ወጣ። የኮታቸውንም የናስ ቁልፍ አሹ፤ እሱም ቢጫ ጭረት አወጣ። ከሁለቱም ላይ ጠብታ ሲያደርጉ የቁልፉ ጭረት ጭስስ ብሎ ጠፋ፣ የቀለበቱ ግን እንዳለ ቀረ። ልጅቷ አፏን ከፈተች።

«ቅብ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ» አሉ አባ ሚዛን፣ ሞቅ ብሏቸዋል። «ቅብ በመጀመሪያዋ ጭረት ይዋሻል። አራት አምስቴ ጫን ብለሽ ስታሺው ነው እውነቱን የሚያወጣው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ያሉትን ራሳቸው የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። ቀና ሲሉ ልጃቸው እስከ ወገቡ እንደ ረጠበ ወንዙ መሀል ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

እኩለ ቀን ሳይሆን ጥያቄ ገበቴ ገልብጣ ቢሮ ከፍታለች። እሷ ታሻለች፣ አያቷ ይጠባጥባሉ፣ ሰዉ ይሰለፋል። የእነ እገሌ ሐብል ወርቅ ሆነ፣ የእነ እገሊት ሰዓት ቅብ ሆነ፤ እልል ይባላል፣ ይሳቃል። ጸጉር አስተካካዩ ወደ አባ ሚዛን ጆሮ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ይቺን ሰንሰለት... ባለቤቴ ሳትሰማ» አላቸው። ባለቤቱ ከኋላው ነበረች። ጭረቱ ጭስስ ሲል፣

«እኔ ደግሞ አንገትህ ለምን አረንጓዴ ሆነ እያልኩ ሐኪም ልወስድህ ነበር!» አለች። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሰውየውም ከሁሉ ይበልጥ ሳቀ።

«አሁን የእማዬ!» አለች ጥያቄ።

ምራቲቱ ቀድሞውንም እየመጣች ነበር። ቀለበቷን እያወለቀች፣ ደረቷን ነፍታ፣ «እንዲያውም ይህንንማ ሰዉ ሁሉ ይይ! አያትሽ ናቸው የሠሯት» አለች።

«ሻይ አይሻልም?» አለ ባሏ። «ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

ሰማዩ ላይ የመሐረብ ያህል ደመና የለም።

ልጅቷ አንድ ጊዜ አሸች። ጭረቱ ወርቅ መሰለ። ጫን ብላ ደገመች፣ ሠለሰች፣ አራተኛም ጨመረች፤ ልክ እንደ ተማረችው። አባ ሚዛን ጠርሙሷን እንደ ያዙ ቀሩ። ጠብታዋን ከጭረቱ ጎን መጣል ይችላሉ፤ ማን ያያል? አሲዱ አለቀ ማለት ይችላሉ፤ ማን ያውቃል? ልጅቷ ግን ዓይኗን ጭረቱ ላይ ሳይሆን እሳቸው ላይ አድርጋለች። ወርቅ ከሆነም ካልሆነም እሳቸው ያሉትን ልታምን ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ከደኑት።

«ተዪው። ናስ ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት፤ እያወቅሁ።»

«የለመንኩት እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ ፈጠን ብሎ። «የሚገዛበት አልነበረኝም።»

ምራቲቱ ቀለበቷን አንሥታ እንደማታውቀው ሰው ፊት አየቻት።

«አሥራ አራት ዓመት» አለች። «አሥራ አራት ዓመት ሊጥ ላቦካ ስል አውልቄ፣ በመሐረብ ቋጥሬ፣ መሐረቡን ኪሴ፣ ኪሴን በመርፌ ቁልፍ! ‹ወርቁ ይነካብኛል› እያልኩ! አንድ ቀን ሊጥ ውስጥ ገባች ብዬ ሁለት መቶ ዳቦ ቆራርሼ አልፈለግሁም? ሁለት መቶ ዳቦ! ለናስ!»

ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች፤ ወንዙ ዳር ቋጥኝ ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሊከተላት ሲል አባቱ በእጃቸው ከለከሉት። ራሳቸው ሄደው ከእሷ ሁለት ድንጋይ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ከአንገታቸው የሚስታቸውን ቀለበት ፈትተው ዘረጉላት።

«ቀለበት ማን ጠየቀዎት?» አለች ሳትዞር። «የተቆጣሁት ለናሱ መሰለዎት?»

«ለምኑ ነው ታዲያ?»

«የሰፈሩን ጉትቻ ሁሉ ናስ ሲሉ፣ እኔ ‹የእኔን እንኳ አላሉም› እያልኩ ስኮራ ኖሬ! በእርስዎ ምላስ ስምል ኖሬ!»

አባ ሚዛን ጉብታቸውን ዳሰሱ። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ፈልገው አጡ።

«የሠራሁት ወርቅ ሁሉ ከእጄ ወጥቶ ሄዷል» አሉ በመጨረሻ። «የት እንደ ደረሰ አላውቅም። በየዓመቱ ወደ እጄ የምትመለሰው የአንቺ ብቻ ናት። ቀኗ ሲደርስ ሱቁን ዘግቼ ነው የምቀባት። ወርቅ አይደለችም፤ ግን ከሠራኋቸው ሁሉ የእሷን ያህል የደከምኩባት የለችም።»

ምራቲቱ ቀለበቷን በጣቶቿ መሀል አዟዟረች። ትከሻዋ ላላ።

«አሥራ አራት ጊዜ ቀቧት?»

«አሥራ አምስት» አሉ አባ ሚዛን። «አንዱን ዓመት ሁለቴ ነው።»

ይሄኔ ሳቋ አመለጣት። ሰውየው በዚህች ሰዓት እንኳ አንዷን ማሳለፍ አልሆነላቸውም! ሳቋን ልትመልስ ሞከረች፤ ይብሱን ከሆዷ ተነሣና ዓይኗን አስነባት።

«ቅጣት አለብዎት» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«የፈለግሽውን።»

«ቤት እስክንደርስ ድረስ ማንም ስለ ምንም ቢጠይቅዎት መልስዎ ‹ወርቅ ነው› ነው።»

አባ ሚዛን ክው አሉ። «ሌላ ቅጣት የለሽም? ሰሃን ልጠብ።»

«ሰሃኑን ልጅዎ ያጥባል። እሱም ቅጣት አለበት።»

የሚስታቸውን ቀለበት መልሳ አንገታቸው ላይ አሰረችላቸው፤ የራሷንም ጣቷ ላይ አደረገች። ያን ማታ የራት ቂጣ ስታቦካ አላወለቀቻትም። «ናስ ከሆነችማ ምን ይጠፋብኛል!» ብላ እስከ አንጓዋ ሊጥ ውስጥ ገባች፤ ሊጡን እንዲህ ደስ ብሏት አቡክታ እንደማታውቅ ያስታውቅ ነበር። ጥያቄ በበኩሏ ከእራት በፊት የሾርባ ማንኪያ፣ የአባቷን እርጥብ ጫማ፣ አንድ ድንችና የድንኳን ካስማ አምጥታ አስፈትናለች። አራቱም ወርቅ ሆነዋል። በጫማው ጊዜ አባ ሚዛን ላብ አጠመቃቸው።

በሦስተኛው ቀን፣ ጉዞ ሊጀምሩ ሲሉ፣ የመጨረሻውን ስፍራ ጎበኙ። ወርቁ ይመዘንበት የነበረ አሮጌ ቤት ነው። መሀሉ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሰው ራስ የሚያህል ቢጫ ድቡልቡል ተቀምጧል። አስጎብኚዋ ጎብኚውን መጀመሪያ አስደንቃ፣ ኋላ ቅጂ መሆኑን ተናግራ ማሳቅ ትወዳለች። ዛሬ ደግሞ ባለሙያ አግኝታለች።

«ጋሼ፣ ትናንት ሰፈሩን ሁሉ ፈተኑት አሉ። እስቲ ይህን ምን ይሉታል?»

አባ ሚዛን አዩ። ቀለሙ አረፋ ሠርቷል። ጥጉ ላይ ተላልጦ ነጩ ወጥቷል። ግራ ጎኑ ላይማ የብሩሽ ጸጉር ተጣብቋል። ጉሮሯቸው ውስጥ አርባ አምስት ዓመት ተነሥቶ በሩን ደበደበ። ወደ ኋላ ዞረው ምራታቸውን አዩ፤ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች።

«ወ... ወርቅ ነው» አሉ።

የአስጎብኚዋ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አይ... ጋሼ፣ ይኼ እንኳን ጀሶ ነው። እውነተኛው ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው።»

«ወርቅ ነው።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ዓመት ቀለሙ ሲለቅ እኔው ነኝ እኮ የቀባሁት!»

«ወርቅ ነው አልኩሽ!»

«እንዴ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ ከኋላ። «የእኔን ሰንሰለት ናስ ብለው ይሄንን ወርቅ?»

ምራቲቱ ወደ ግድግዳው ዞራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ አፉን በኮፍያው አፍኗል። ጥያቄ ብቻ ፊቷን ኮስተር አድርጋ እጅጌያቸውን ጎተተች።

«አያቴ፣ ስንት ካራት ነው?»

አባ ሚዛን ልጅቷን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ምራታቸውን አዩ፣ ያንን የተላለጠ ጀሶ አዩ። ከዚያ የሆነ ነገር ውስጣቸው ውስጥ፣ ከጠገቡ በኋላ እንደሚላላ ቀበቶ፣ ላላ አለ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሣጥኑን ቀስ ብለው አንድ ጊዜ ዞሩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሃያ አራት!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንዲህ ያለ ንጹህ ወርቅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! ይቺ ሴትዮ የያዘችውን አታውቅም!»

ምራቲቱ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋ ትንፋሽ ነሥቷት ድምፅ እንኳ የለውም። አስጎብኚዋ ግን አልሳቀችም። በገዛ እጇ የቀባችውን ጀሶ፣ በመስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ እንደገና በጥንቃቄ ማየት ጀመረች።